ልጄ ከትምህርት በኋላ ክለብና ስፖርት ልግባ ይላል፣ አባቱ እምቢ ብሏል። ሜሪላንድ ልጅ ያሳደጋችሁ ምን ትላላችሁ?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ። ትልቁ ልጄ ኦገስት መጨረሻ ላይ 9ኛ ክፍል ይገባል። ከአዲስ አበባ ከመጣን ገና ብዙ አልቆየንም፣ እዚህ የተማረው የሚድል ስኩልን መጨረሻ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው እየመጣ ነው፣ ግን አሁንም ለአዲስ መጪ ልጆች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ክፍል ይወስዳል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሃይስኩሉ አዲስ የሚገቡትን ልጆች ጠርቶ ግቢውን አስጎብኝቷቸው ነበር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። ጠረጴዛ ደርድረው ክለቦቹን ሁሉ አሳይተዋቸዋል። የሮቦት አለ፣ የክርክር አለ፣ የቼዝ አለ፣ ጋዜጣ የሚያዘጋጁ አሉ፣ ሹራብ የሚሠሩ ልጆች ክለብ ሳይቀር አለ ሲለኝ እኔም ገርሞኛል። እሱ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክሮስ ካንትሪ የሚሉት የሩጫ ቲም፣ ሌላው ደግሞ ትያትር ሲታይ ከመድረክ ጀርባ ሆነው መብራትና ድምፅ ከሚሠሩት ልጆች ጋር መግባት።

አባቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፣ ትምህርቱን ይማር። እኛ ስንማር ክበብ ማለት ጠዋት በሚኒ ሚዲያ ዜና የሚያነቡትና ችግኝ የሚተክሉት ልጆች ነበሩ፣ ጎበዝ ተማሪ ግን ደውል ሲደወል ቤቱ ገብቶ ያጠናል ይላል። እውነት ለመናገር ግማሽ ልቤ ከእሱ ጋር ነው። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው ልጁ መድረክ ላይ ሚስማር እንዲመታ አይደለም።

ሌላው ግማሽ ልቤ ደግሞ ልጁን ያያል። ጓደኛ የለውም። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ የሰጠሁትን ይበላል፣ ክፍሉን ዘግቶ ስልኩ ላይ ይተኛል። ለማታ ሥራ ስወጣ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። ስለዚያ ሩጫ ሲያወራ ግን ፊቱ ይበራል።

እና ልምድ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ይህ ነገር ለኮሌጅ ያስፈልጋል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ? ገንዘብ ይጠይቃል? ወደ ቤትስ ማን ያመጣዋል፣ እኔ ከሰዓት እተኛለሁ፣ አባቱ ኡበር ላይ ነው። ውጤቱ ቢወርድስ? በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ የሚልከው የኢሜይል ብዛት! የቱ አስቸኳይ የቱ ተራ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል።

አባ ዳገት፦

እንኳን ጠየቅሽ እህቴ። ልጆቼ በዚሁ ካውንቲ ሃይስኩል አልፈዋል፣ ሴቷ አራቱንም ዓመት ሯጭ ነበረች፣ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ይረዝማል፣ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ አስቸኳዩን፣ ክርክሩ ይደርሳል። የፎል፣ ማለትም የመጸው ወቅት፣ ስፖርት የሚጀምረው ትምህርት ሲከፈት አይደለም። ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው፣ ልጆቹ ገና እረፍት ላይ እያሉ። ብዙ የእኛ ሰው ይህን ስለማያውቅ ሴፕቴምበር ላይ ልጁን ይዞ ሲሄድ ልምምዱ ከተጀመረ ሰንብቷል። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር መጨረስ አለብሽ። አንደኛው ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ምርመራ ፎርም ነው። አሁኑኑ ቀጠሮ ያዢ፣ ኦገስት ሲቃረብ የልጆች ሐኪሞች ጋ ቦታ አይገኝም። ሁለተኛው ፓረንትቪው ውስጥ ገብተሽ ለስፖርቱ መመዝገብ ነው፣ ያው የልጁን ውጤት ኦንላይን የምታይበት ቦታ። ስለ ጭንቅላት ግጭት አደጋ አንብቤያለሁ ብለሽ የምትፈርሚበት ወረቀትም አለ፣ አትደንግጪ፣ ለሁሉም ስፖርት ነው። ወረቀቱ ያላለቀለት ልጅ አብሮ መለማመድ አይፈቀድለትም።

ክሮስ ካንትሪ መምረጡ ደግሞ ጎበዝ። እግር ኳስ ቢሆን ኖሮ እፈራለት ነበር። እዚህ አገር ለሃይስኩል ቲም የሚወዳደሩት ልጆች ብዙዎቹ ወላጅ በሺህ የሚቆጠር ዶላር እየከፈለላቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በግል ክለብ ያደጉ ናቸው። ሰፈር ውስጥ አንደኛ የነበረ ልጅ ለሙከራ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ አይቻለሁ። የሩጫው ቲም ግን በአብዛኛው ትምህርት ቤት ማንንም አይመልስም። መምጣትና መሮጥ ብቻ ነው። ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱ ሣርና ጫካ። በዋናው ውድድር ከየትምህርት ቤቱ ሰባት ልጆች ይሮጣሉ፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት የገቡበት ደረጃ ይደመርና ትንሹን ድምር ያመጣው ቲም ያሸንፋል። ስለዚህ አምስተኛው ልጅ አንድ ሰው ቢቀድም ለቲሙ ትልቅ ነገር ነው። ቀድመው የገቡት ልጆች ተመልሰው መስመሩ ዳር ቆመው ለኋለኞቹ ሲጮኹ የምታይውም ለዚህ ነው። ጓደኛ የለውም ላልሽው ልጅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ አበሻ ሲያዩ ሁሉም ሯጭ ይመስላቸዋል። የእኔዋ የመጀመሪያ ቀን ስትሄድ ኮቹ ደራርቱን ጠብቆ ከኋላ የምትንፏቀቅ ልጅ አገኘ። ቀስ በቀስ ግን መጣች። የስቴቱ ሻምፒዮና ለብዙ ዓመት ሲካሄድ የኖረው ከባልቲሞር በስተሰሜን ሄረፎርድ ሃይስኩል ነው፣ ዳገቱ በመላው ሜሪላንድ የታወቀ ነው፣ ቆሞ ማየቱ ራሱ ያደክማል።

ባልሽ የሚሰጋበትን ውጤት ካውንቲው ራሱ አስቦበታል። በሩብ ዓመቱ አማካይ ውጤቱ ከ2.0 በታች የሆነ ወይም ከአንድ በላይ ኢ ያመጣ ልጅ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አይሰለፍም። ኢ ማለት ሌላው ጋ ኤፍ የሚሉት ነው፣ ወደቀ ማለት ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ሁሉም ይፈቀድለታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቆጠራው የሚጀምረው። ምሳ ሰዓት ላይ የሚሰበሰቡ ትንንሽ ክለቦች ግን በአብዛኛው ውጤት አይጠይቁም። 2.0 ዝቅ ያለ ነው ካለሽ ባልሽ የቤቱን ሕግ ከፍ ማድረግ ይችላል። እኔ 3.0 ብዬ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አጥኚ ብዬ ልጄ ላይ ጮኼ አላውቅም፣ ራሷ ነበረች ቁጥሯን የምትጠብቀው።

መመለሻውን በተመለከተ፣ ሃይስኩል በፈረንጆቹ ሰዓት ጠዋት 7:45 ገብቶ ከሰዓት 2:30 ይወጣል፣ ልምምዱ ከዚያ በኋላ ነው። ዘግይተው ለሚወጡ ልጆች አክቲቪቲ ባስ አለ፣ ግን በየቀኑ ላይሆን ይችላል፣ እንደ ጠዋቱ ባስም ደጅ ድረስ አያደርስም። ቀኖቹንና መቆሚያውን ከቢሮው ጠይቂ። ራይድ ኦን አውቶቡስ ለተማሪ ነጻ ነው። ደግሞ የመጀመሪያው ውድድር ላይ አንዴ ብቻ ብቅ በይ፣ በአካባቢሽ የምትኖር አንዲት የቲም እናት ታገኛለሽ፣ ከዚያ በኋላ እየተቀያየራችሁ ነው የምታመላልሷቸው።

ወጪው ዋናው ጫማ ነው። ማሊያውን ትምህርት ቤቱ ይሰጥና ወቅቱ ሲያልቅ ልጁ ይመልሳል። ጫማውን እንኳ ከከበደሽ ለኮቹ ንገሪው፣ ማንም ሳይሰማ የሚፈታበት መንገድ አላቸው።

ኢሜይሉን አማርኛ አድርጉልኝ በይ። አማርኛ ካውንቲው ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስብሰባ ሲጠሩሽም አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በይ፣ በነጻ ነው፣ ግዴታቸው ነው። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው፣ ስለ ራሱ ጥፋት ሲተረጉም ምን እንደሚያደርገው ታውቂዋለሽ 😄

ሶፎሞር፦

ሰላም እትዬ፣ እኔ አሁን ኮሌጅ ነኝ፣ ሃይስኩል የጨረስኩት እዚያው ካውንቲ ነው። ስለ ስቴጅ ክሩ ማንም ስላልጻፈልዎት እኔ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ሕይወቴ እዚያ ነው የተቀየረው።

ከመድረክ ጀርባ ያሉት ልጆች ሚስማር ብቻ አይደለም የሚመቱት። ንድፍ አንብበው ከእንጨት ቤት ይሠራሉ፣ መጋዝና ድሪል መጠቀም ይማራሉ፣ የመብራት ሰሌዳ በኮምፒውተር ያዘጋጃሉ፣ የተዋናዮቹን ማይክ አንድ በአንድ ይቆጣጠራሉ። ትያትሩ ሲጀመር ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደርግና የሚመራው ተማሪ በቁጥር ያዛል፣ መብራት 42 ተዘጋጅ፣ ሂድ። የሚመራው መምህሩ አይደለም፣ ተማሪ ነው። እኔ እንግሊዝኛዬ ገና ሲሰባበር እዚያ ገባሁ፣ ክፍል ውስጥ አፌን ለመክፈት የምፈራው ልጅ እዚያ ግን መናገር ግድ ሆነብኝ፣ ምክንያቱም ዝም ካልኩ መብራቱ አይበራም። አክሰንቴን ማንም አልሳቀበትም፣ ሁሉም ሥራው ላይ ነው።

አንድ ማወቅ ያለብዎት አለ። ትያትሩ ከመታየቱ በፊት ያለው ሳምንት ቴክ ዊክ ይባላል፣ በዚያ ሳምንት በየቀኑ እስከ ማታ ይቆያሉ። የቤት ሥራ የሚሠራው እዚያው ወንበሮቹ ላይ ተቀምጦ ነው። በአብዛኛው በዓመት ሁለት ትልልቅ ትያትር አለ፣ በፎል ተራ ድራማ፣ በስፕሪንግ ሙዚቃዊ። ክሮስ ካንትሪም በፎል ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም እትዬ። በፎል ይሩጥ፣ በስፕሪንግ መድረክ ይግባ። እኔ የምመክረው ይህን ነው።

ሌላው፣ ብዙ ትምህርት ቤት የአበሻ ልጆች ክለብ አለ። ኢንተርናሽናል ናይት ሲደርስ እስክስታ ይለማመዳሉ፣ ጉራግኛውም ኦሮምኛውም ትግርኛውም አንድ መድረክ ላይ ይወጣል፣ እዚህ ተወልዶ አንገቱን እንኳ መነቅነቅ የማይችል ልጅ ከእኔ ተምሮ ወጥቷል። ደስ ይላል። ግን እዚያ ብቻ እንዳይቀር ይንገሩት፣ ምቹ ስለሆነ ሰው ይቀራል።

ደግሞ ለአባቱ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። በዚህ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ውስጥ አንድ ተማሪ አባል አለ። የሚመርጡት ከ6ኛ እስከ 12ኛ ያሉ ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው፣ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ። ያ ልጅ ቁጭ ብሎ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ በጀት ላይ ድምፅ ይሰጣል። ጨዋታ አይደለም ለማለት ነው።

የማታ ፈረቃ፦

አባ ዳገት፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደወልኩ። ሶፎሞር የኔ ልጅ፣ አንቺንም ይባርክሽ፣ ያልሽውን ለልጄ ሳነብለት የመብራት 42ቱን ጊዜ ሳቀ። ስቆ አላየሁትም ነበር ከሰነበተ።

አባቱ ግን ያን የቦርድ ነገር ሰምቶ ያው ፖለቲካ ነው ብሎኝ ወጣ። እና ሌላ ጥያቄ፣ 75 ሰዓት የሚባል ነገር አለ፣ ያለሱ አይመረቅም ይላሉ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግላል፣ ያ አይቆጠርለትም?

ቀጥታ ልናገር፦

እኔ ደግሞ ትንሽ ልቃወም፣ ሁላችሁም ማር ማር አደረጋችሁት።

አንድ ክለብ ብለሽ ትጀምሪያለሽ፣ 10ኛ ክፍል ላይ አራት ይሆናል። ሰፈሬ ያሉትን ልጆች አያለሁ። ሮቦቲክስ፣ ሞዴል ዩኤን፣ ክርክር፣ ቫዮሊን፣ በዚያ ላይ አምስት ኤፒ፣ ማለትም በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ኮርስ። የቤት ሥራ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው፣ ጠዋት 7:45 ላይ ክፍል ውስጥ ይተኛል። ወላጁ ደግሞ ለኮሌጅ ነው ይላል። የትኛው ኮሌጅ ነው እንቅልፋም የሚቀበለው?

የኮሌጁን ነገር በቁጥር ልንገርሽ። ኮመን አፕ የሚባለው፣ ለብዙ ኮሌጅ አንዴ የሚሞላው ማመልከቻ ላይ ለእንቅስቃሴዎች 10 ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ ማብራሪያ የሚፈቅደው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 150 ፊደል ነው። አሥሩንም ሙሉ ያለ የለም። አንድ ነገር አራት ዓመት የሠራ ልጅ አሥር ቦታ ስሙን ካስመዘገበ ልጅ ይሻላል። ከሁሉም በፊት የሚታየው ደግሞ ውጤቱና የወሰደው ኮርስ ክብደት ነው፣ እዚህ ላይ ባልሽ ልክ ነው፣ አትጩኺበት።

የእኛ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ራሱን የቻለ ምድብ ነው። የቤተሰብ ኃላፊነትም ምድብ ነው። አንቺ ስትተኚ ታናናሾቹን ከባስ የሚቀበል፣ የሚያበላ፣ ለአያቱ ሐኪም ቤት ሄዶ የሚያስተረጉም ልጅ ይህን ሁሉ ይጽፈዋል፣ በሰዓት ቆጥሮ። የእኛ ልጆች ግን ምንም አልሠራሁም ብለው ባዶውን ይተዉታል። ስንቱን እንዳየሁ። ሥራ መሥራት ከፈለገም ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በሜሪላንድ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ኦንላይን ነው የሚወጣው፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ቀላል ነው።

ገንዘቡም ቢሆን ጫማ ብቻ አይደለም። ትንሿ ልጄ ማርቺንግ ባንድ፣ ማለትም እየተራመዱ የሚጫወቱት የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ስትገባ፣ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ለካምፕ ለዩኒፎርም ለጉዞ እያሉ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው የተጠየቅሁት። አልችልም ብዬ በጽሑፍ ስነግራቸው ግን ቀነሱልኝ። ችግሩ ይህን አስቀድሞ የሚነግርሽ የለም፣ ጠይቀሽ ነው የምታገኚው። ስንት የእኛ ልጅ ሂሳቡን ለእናቱ ላለማሳየት ብሎ ደስ አላለኝም እያለ ይተዋል።

አባ ዳገት፦

ቀጥታ ልናገር፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱን ያነሳሽው ወርቅ ነው። ግን የእህታችን ልጅ ችግሩ መብዛት አይደለም፣ ባዶነት ነው። አራት ክለብ ያለውን ልጅ አንድ ተው ትይዋለሽ። ክፍሉን የዘጋውን ምን ትይዋለሽ? እዚህ አገር ጓደኛ እንደ አዲስ አበባ ሰፈር በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ሁሉም በባስ መጥቶ በባስ ይበተናል። ከ2:30 በኋላ የቀረ ልጅ ነው ከሌላው ጋር የሚገናኘው።

የአሌክሳንድሪያ አጎት፦

ከወንዙ ማዶ ነኝ፣ ቨርጂኒያ፣ ግን ላካፍል።

የእህቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሃይስኩል ነው የተማረችው፣ እስከ 2021 ድረስ በሌላ ስም ይጠራ የነበረው። ምን መረጠች መሰላችሁ፣ ጀልባ ቀዘፋ! ፖቶማክ ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ። እህቴ ጣና ላይ እንኳ ጀልባ የተሳፈረች ሰው አይደለችም፣ ልጄ ልትሰጥም ነው ብላ ስንት ሌሊት አለቀሰች መሰላችሁ። መጀመሪያ መዋኘት መቻሏን ፈተኗት፣ ያንን ሳታልፍ ጀልባ አልነካችም። ስምንት ልጆች አንድ ላይ የሚቀዝፉበት ረጅም ጀልባ አለ፣ ከኋላ አንድ ትንሽ ልጅ ተቀምጦ ይመራቸዋል። አንዱ ካልመጣ ጀልባው አይወጣም። ልጅቷ አልጋ የማትለቅ የነበረች ናት፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት መነሳት ጀመረች። አሁን እህቴ ውድድር ሲኖር ዳር ቆማ እልል ስትል ፈረንጆቹ ዞር ብለው ያይዋታል።

ወደ ቁም ነገሩ ስመጣ፣ ማንም ያላነሳው የዕድሜ ጉዳይ አለ። በሜሪላንድ ኦገስት 31 ላይ 19 ዓመት የሞላው ልጅ በዚያ ዓመት ለትምህርት ቤት ስፖርት መሰለፍ አይችልም። በቨርጂኒያ ቀኑ ኦገስት 1 ነው። ከአገር ቤት የመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ክፍል ወደ ኋላ ስለሚመደቡ 12ኛ ሲደርሱ ነው ይህ የሚመታቸው፣ ያውም በጣም ጎበዝ በሆኑበት ዓመት። አንድ የማውቀው ልጅ የመጨረሻውን ዓመት ማሊያ ሳይለብስ ውሃ ሲያቀብል ነው የጨረሰው። ስለዚህ የልጅሽን ዕድሜ አስይ፣ ከቀረበ ቆይ 10ኛ ክፍል ላይ ይጀምራል አትበዪ።

የውጤቱ ሕግም እኛ ጋ ይለያል። በቨርጂኒያ ባለፈው ሴሚስተር አምስት ትምህርት ማለፍ ነው የሚጠበቅበት። ከሜሪላንድ ወደዚህ የምትዛወሩ ካላችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት መቀየር ራሱ የመሰለፍ ጥያቄ ያስነሳል፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። አንድ የምንኮራበት፣ ዳሽ የሚባለው የከተማችን አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነጻ ነው፣ ልጆቹ እንደፈለጉ ነው የሚንቀሳቀሱት።

ዲያቆን አይደለሁም፦

የ75 ሰዓቱን ጥያቄ ስለዘለሉት እኔ ልመልስ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የልጆቹ ወረቀት እንዲያልቅ የምረዳው እኔ ነኝ።

አዎ፣ እውነት ነው። ሜሪላንድ ለምረቃ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ ያደረገ ስቴት ነው፣ በሞንጎመሪ 75 ሰዓት ነው። ኤስ ኤስ ኤል ይሉታል። የተወሰነው በራሱ በክፍል ትምህርት ውስጥ ይገኛል፣ ልጅሽ ሚድል ስኩል እዚህ ስለነበረ ትንሽ ሳይኖረው አይቀርም፣ ፓረንትቪው ላይ እዪ። የቀረውን ውጭ ይሠራል።

ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ ልዩነቱን እወቂ። ሥራው መንፈሳዊ መሆን የለበትም። መዝሙር ማጥናት፣ ቅዳሴ ማገልገል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሃይማኖት ማስተማር አይቆጠርም። ለችግረኛ ምግብ ማደል፣ አዲስ መጪዎችን ፎርም ማስሞላት፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የጤና ምርመራ ቀን ላይ ማገልገል ሊቆጠር ይችላል። ድርጅቱ ለትርፍ ያልቆመ ተብሎ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ የሚፈርመውም በቦታው የነበረ ኃላፊ ነው እንጂ እናት አትፈርምም። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሥራ ከሆነ ከመሠራቱ በፊት ማስፈቀጃ ይሞላል። ከመሠራቱ በፊት ያልኩትን ሁለቴ አንብቢው፣ ብዙ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ለፍቶ ወረቀቱን በኋላ ይዞ ሲሄድ ተመልሷል። ማስረከቢያ ቀንም አለው፣ የክረምቱን ሰዓት ሴፕቴምበር ላይ ያስረክብ፣ ሳይውል ሳያድር። በየትምህርት ቤቱ የዚህ ጉዳይ አስተባባሪ አለ።

እግረ መንገዴን አንድ ስጦታ ልስጥሽ። ልጅሽ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ይችላል አይደል? እንዳይረሳ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲመረቁ በሁለት ቋንቋ መሥራት መቻላቸውን በዲፕሎማቸው ላይ በማኅተም የሚያረጋግጡበት መንገድ አለ፣ የአማርኛም ፈተና አለ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ይናገራሉ እንጂ ፊደል ስለማይለዩ ያልፋቸዋል። የአንቺ ልጅ ግን ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ነው፣ ካውንስለሩን 9ኛ ክፍል ላይ ጀምሮ ይጠይቅ።

የማታ ፈረቃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር። ወሳኙን ልንገራችሁ። አባቱ የአባ ዳገትን የ3.0 ሕግ ወደደው፣ አንድ ወቅት ይሩጥና እናያለን ብሏል። መድረኩን በተመለከተ ገና ነው፣ ማታ መቆየት የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ተቀየረ፣ ስፕሪንግ ሲደርስ እመለስበታለሁ። ዕድሜውንም አሰላሁ፣ 12ኛ ሲገባ 18 ነው የሚሆነው፣ ተመስገን።

አንድ የቀረኝ ነገር። ልምምዱ ኦገስት አጋማሽ ከሆነ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ልጄ ፍልሰታን ከልጅነቱ ጀምሮ ይጾማል፣ እዚህ መጥቶም አልተወም። በዚያ ሙቀት እየጾመ ይሮጣል? ኮቹስ ምን ይላል?

አባ ዳገት፦

የእኔዋም ጾማ ነው የሮጠችው። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባና 22 ይፈታል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን የልምምድ ቀናት ብቻ ነው የሚነካው። የሚበላበትን ሰዓት ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩ፣ የእኛ አባት ለልጅ ጠንካራ አልነበሩም። የሜሪላንድ ኦገስት ግን ቀልድ የለውም፣ ውሃ ሳይጠጣ እንዳይሮጥ፣ ኮቹም ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ። ራሱ ልጁ ይንገረው፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ኮቾቹ ረመዳን የሚጾሙ ልጆችንም ስለሚያሠለጥኑ አዲስ አይሆንባቸውም።

ምግቡን አታስቢ። ማታ ምስርና ሽሮ በደንብ፣ ከልምምድ በኋላ በሶ በውሃ በጥብጦ ትንሽ ጨው ጣል አድርጎበት። ለቲሙ የሚሸጡትን የዱቄት መጠጥ አትግዢ፣ በሶው ይበልጠዋል። ብቻ ጠርሙሱን ትልቅ አድርጊው፣ የእኔዋ ጓደኞቿን ካስቀመሰቻቸው በኋላ ለራሷ አይተርፋትም ነበር።